በክትባቱ ውስጥ ከአር ኤን ኤው የሚበዛው ስቡ ነው

የፋይዘርና የባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ለአዋቂ ሰው ሲሰጥ በአንዱ መርፌ ውስጥ 30 ማይክሮግራም አር ኤን ኤ አለ። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ስለዚህ 30ው አንድ ላይ ተሰብስቦ ቢቀመጥ እንኳ በዓይን ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል። በዚያው መርፌ ውስጥ አራት ዓይነት ስቦች አሉ፤ ክብደታቸው 0.43፣ 0.05፣ 0.09 እና 0.2 ሚሊግራም ነው። ደምሩትና 0.77 ሚሊግራም ይመጣል። ከአር ኤን ኤው ጋር ስናስተያየው ወደ 25 እጥፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ በሚዛን ከሄድን፣ የስብ ክትባት ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

የዚህ ክትባት ታሪክ ሲወራ ግን ስቡ አይነሳም። የሚነገረው የካታሊን ካሪኮ ታሪክ ነው። ሃንጋሪያዊቷ ባዮኬሚስት ለምርምራቸው ገንዘብ የሚሰጥ አጡ፤ በ1995 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ከድሩ ዋይስማን ጋር ተዋወቁ፤ በ2005 አብረው ያሳተሙት ጥናት የአር ኤን ኤን አንድ ፊደል በመጠኑ ብንለውጠው የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ቆጥሮ እንደማይነሳበት አሳየ፤ በ2023 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ እውነት ነው፤ ሽልማቱም ይገባቸዋል። እኔ ግን የኬሚካል ምህንድስና የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አያስተኛኝም፦ እሺ፣ መልእክቱ ተጻፈ። ማን አደረሰው? በቢሊዮን የሚቆጠር መርፌስ እንዴት ተመረተ?

መልሱ ከቫንኩቨር ከተማ፣ ከጉበት በሽታ መድኃኒትና ከቲ ቅርጽ ካለው ትንሽ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነው።

መጻፍ ቀሎ መላክ የከበደበት ዘመን

መልእክተኛ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ኤም አር ኤን ኤ፣ የሥራ ትእዛዝ ነው። ዲ ኤን ኤ ከኒውክሊየሱ ሳይወጣ ግልባጩ ይወጣና ለፕሮቲን ሠሪዎቹ ይደርሳል፤ እነሱም ያነቡና ይሠራሉ። ይህ የታወቀው በ1961 ነው። ትእዛዙን ከውጭ ጽፎ ወደ ሕዋስ መላክ ይቻላል የሚለው ሐሳብም ብዙ አልዘገየም። መጻፉ ራሱ በ1984 መፍትሔ አገኘ ማለት ይቻላል፤ ሃርቫርድ ውስጥ እነ ዳግላስ ሜልተን ከቫይረስ የተገኘ ኢንዛይም ተጠቅመው የፈለጉትን አር ኤን ኤ በብልቃጥ ውስጥ መሥራት ቻሉ። ከዚያ በኋላ በኬሚስትሪ በኩል የቀረው ማሻሻል ነበር።

መላኩ ነው ያስቸገረው። አር ኤን ኤ ረጅም ነው፤ የፋይዘሩ 4,284 ፊደል አለው። ከላይ እስከ ታች አሉታዊ ቻርጅ ተሸክሟል። የሕዋስ ሽፋን ደግሞ ስብ ነው፤ እንዲህ ያለ ቻርጅ ያለው ትልቅ ነገር አያሳልፍም። በዚያ ላይ አር ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች በደም ውስጥ፣ በላብ ውስጥ፣ በጣታችን ቆዳ ላይ ሳይቀር አሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአር ኤን ኤ ጋር የሠራ ሰው ጓንት ሲቀያይር መዋሉን ያውቀዋል። እራቁቱን የተላከ መልእክት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበላል።

መፍትሔው በፖስታ አሽጎ መላክ ነው። የስብ ፖስታ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ ቀድሞ ታውቆ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ካምብሪጅ አጠገብ ባለው የባብራሃም ተቋም፣ አሌክ ባንግሃም ሌሲቲን የሚባለውን ስብ ከውሃ ጋር ቀላቅለው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ስቡ ራሱን በራሱ ወደ ድፍን ከረጢት እንደሚቀይር አስተዋሉ። ሊፖሶም የተባለው ይህ ነው። በኋላ ለመድኃኒት ዋለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማና በሑመራ አካባቢ፣ የካላ አዛር ሕመምተኞች በደም ሥር የሚሰጣቸው አምቢዞም ውስጥ ያለው አምፎተሪሲን የተቀመጠው እንዲህ ባለ የስብ ከረጢት ነው። መድኃኒቱ ያለ ከረጢቱ ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል፤ ከረጢቱ ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ይህ ቴክኖሎጂ ለእኛ አገር ሐኪሞች ከኮቪድ ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም።

በ1978 የጥንቸል ግሎቢን ኤም አር ኤን ኤ በሊፖሶም ተሞልቶ ለአይጥ ሕዋሳት ተሰጠ፤ ሕዋሳቱም የጥንቸል ግሎቢን ሠሩ። ኮቪድ ከመምጣቱ ከ40 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉ። በ1993 ፈረንሳይ ውስጥ የተመራማሪዎች ቡድን የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲን የሚያሠራ ኤም አር ኤን ኤ በሊፖሶም አሽጎ አይጦችን ወጋና የመከላከያ ሕዋሳት ሲነሱ አየ። በሐሳብ ደረጃ ክትባቱ እዚያው ነበር።

ታዲያ ለምን 27 ዓመት ፈጀ? ብዙዎች አር ኤን ኤው ስለሚበላሽና ሰውነትን ስለሚያስቆጣ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ግማሹን ነው የሚነግሩን። ሌላው ግማሽ የፖስታው ጉዳይ ነው። በድሮው ዘዴ ስቡ ብልቃጥ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ እንዲደርቅ ይደረግና አር ኤን ኤ ያለበት ውሃ ይጨመርበታል። ከረጢቶቹ ሲፈጠሩ በአጋጣሚ ውስጥ የተገኘ አር ኤን ኤ ገባ፤ ያልተገኘው ውጭ ቀረ። አብዛኛው ውጭ ይቀራል። ከዚያ መጠናቸው እንዲስተካከል በጥቃቅን ቀዳዳ ማጣሪያ በግፊት ይጨመቃሉ። ለ10 አይጥ ይበቃል። ለ10 ሚሊዮን ሰው ግን አይታሰብም።

በ1987 ፊሊፕ ፌልግነርና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ሁልጊዜ አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ስብ ሠሩ። አሉታዊው አር ኤን ኤና አዎንታዊው ስብ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ ማሸጉ በአጋጣሚ መሆኑ ቀረ። በ1989 ሮበርት ማሎንና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ስብ አር ኤን ኤ ወደ ሕዋስ አስገቡ። በብልቃጥ ውስጥ ግሩም ሆኖ ሠራ። በሕያው አካል ውስጥ ግን ያ የማይጠፋ ቻርጅ ጣጣ አመጣ፦ ከደም ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፣ ሕዋሳትን ይመርዛል።

ቻርጁን እንደ ቦታው የሚቀያይር ስብ

ፒተር ኩሊስ በትምህርታቸው የፊዚክስ ሰው ናቸው። በቫንኩቨር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስብ በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሲያጠኑ ኖረው በ1990ዎቹ እሳቸውና የመሠረቱት ኩባንያ ኢኔክስ ወደ ጂን መድኃኒት ዞሩ። ፌልግነር ላይ የነበረውን ችግር የፈቱበት መንገድ ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያምረው ነው።

ሁልጊዜ አዎንታዊ ከሆነ ስብ ይልቅ በአሲድ ውስጥ ብቻ አዎንታዊ የሚሆን ስብ ይሁን አሉ። ፒኤቹ 4 በሆነ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ስቡ ቻርጅ ያገኛል፤ አር ኤን ኤውን ጨምድዶ ይይዛል። ማሸጉ ካለቀ በኋላ አሲዱ ይወገድና ፒኤቹ ወደ ደማችን 7.4 ይጠጋል፤ ስቡ ቻርጁን ይጥላል፤ ዝም ያለ፣ ማንንም የማያስቀይም ቅንጣት ይሆናል። ሕዋስ ሲውጠው ደግሞ ኢንዶሶም የሚባል ከረጢት ውስጥ ይገባል። ያ ከረጢት ቀስ በቀስ አሲዳማ እየሆነ ይሄዳል። ስቡ አሲድ ሲያገኝ እንደገና ቻርጅ ያወጣል፤ አሁን ግን የሚጣበቀው አሉታዊ ቻርጅ ባለው የከረጢቱ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ይናጋል፤ አር ኤን ኤው ይወጣል። ሕዋሱ የገባበትን ለመፍጨት ያዘጋጀው አሲድ ራሱ በር ከፋች ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም አይወጣም። በ2013 የወጣ ጥናት ከኢንዶሶም የሚያመልጠው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እስከዛሬ ይህን ቁጥር በብዙ ማሳደግ ከባድ ሆኖ መቆየቱ ያስገርማል። 98 ደብዳቤ ጠፍቶ 2 የሚያደርስ ፖስታ ቤት ይዘን ነው ዓለምን የከተብነው።

ይህ ስብ የተፈለገው ለኤም አር ኤን ኤ አልነበረም። በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ አጫጭር አር ኤን ኤዎች ጂንን ዝም ማሰኘት እንደሚችሉ አሳይተው ነበር፤ በ2006 ኖቤል አገኙበት። ወደ 21 ፊደል ጥንድ ብቻ ያላቸውን እነዚህን አጫጭር አር ኤን ኤዎች መድኃኒት ለማድረግ ገንዘብ ጎረፈ። አልናይላም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አር ኤን ኤውን፣ የቫንኩቨር ሰዎች ስቡን ይዘው ተገናኙ። በደም ሥር የገባ የስብ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ኤፖ ኢ የተባለ የደም ፕሮቲን ይለጠፍበትና ጉበት እንደ ራሱ ስብ ቆጥሮ ይውጠዋል። ስለዚህ የጉበት በሽታ ተመረጠ። በ2006 ዝንጀሮዎች ላይ ለውጤት 1 እና 2.5 ሚሊግራም በኪሎ ተሰጠ። በ2012፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የስብ ዓይነቶች ተሠርተው ከተሞከሩ በኋላ፣ ኤም ሲ 3 በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ስብ ከ0.03 ሚሊግራም በታች በቂ እንዲሆን አደረገ። በስድስት ዓመት ውስጥ አር ኤን ኤው ላይ ሳይሆን ስቡ ላይ በተሠራ ሥራ የመጣ ለውጥ ነው።

ኡዞ፣ ገንፎና የቲ ቱቦ

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ጥሩ ስብ አለን፤ ጥሩ አር ኤን ኤ አለን። እንዴት ይቀላቀሉ?

ኡዞ ጠጥቶ የማያውቅ እንኳ ሌላው ሲጠጣ አይቶ ይሆናል። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ወዲያው ወተት ይመስላል። ጠረኑን የሚሰጠው ዘይት በአልኮል ይሟሟል፤ በውሃ ግን አይሟሟም። ውሃው አልኮሉን ሲያቀጥነው ዘይቱ መቀመጫ ያጣና ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ቀለም ብርሃን በእነዚያ ጠብታዎች ላይ ሲበተን የምናየው ነው። የኤም አር ኤን ኤ ክትባት አሠራርም መሠረቱ ይኸው ነው። አራቱ ስቦች በአልኮል ይሟሟሉ፤ አር ኤን ኤው በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ ስቡ መቀመጫ ያጣል፤ ሲወጣ አር ኤን ኤውን አቅፎ ይወጣል። አልኮሉና አሲዱ ኋላ ተጣርተው ይወገዳሉ።

ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው ፍጥነት ነው። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዱቄቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ እጅ ካልፈጠነ ይጓጉላል፤ አንዴ ከጓጎለ በኋላ የቱንም ያህል ቢያማስሉት አይስተካከልም። ስቡም እንደዚያው ነው። አልኮሉና ውሃው ቀስ ብለው ከተቀላቀሉ አንዱ ጥግ ላይ ትልቅ ጠብታ፣ ሌላው ጥግ ላይ ትንሽ ጠብታ ይሠራል፤ አንዳንዱ አር ኤን ኤ ይዞ፣ አንዳንዱ ባዶውን ይቀራል። የሚፈለገው ግን ሁሉም 100 ናኖሜትር አካባቢ ወይም ትንሽ ያነሰ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ቅልቅሉ ስቡ መሰብሰብ ከሚጀምርበት ጊዜ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ይህ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። እኛ ምህንድስና ውስጥ የእነዚህን ሁለት ጊዜዎች ንጽጽር ዳምኮለር ቁጥር እንለዋለን፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፈተና ሸምድደነው የምናልፈው ቁጥር ነው።

በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በፍጥነት ማደባለቅ ይቻላል። በ500 ሊትር በርሜል ውስጥ ግን የቱንም ያህል ትልቅ ማማሰያ ብትከቱ ከላይ ያለውና ከታች ያለው እስኪገናኝ ሰከንዶች ያልፋሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን ገንፎና ለሠርግ ቤት የሚሆን ገንፎ በአንድ ዘዴ አይገነፋም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ነገር ፋብሪካ ላይ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ቫንኩቨር ውስጥ ፕሮቲቫ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነበር፤ ኢያን ማክላክላን የሳይንስ ሥራውን ይመሩ ነበር። በ2005 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዘዴ በርሜሉን ተወው። ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት ቀጭን ቱቦ። በአንዱ አልኮልና ስብ፣ በሌላው ውሃና የሚታሸገው ጂን ይመጣሉ፤ ቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ቦታው ጠባብ፣ ፍሰቱ ፈጣን ስለሆነ ሲጋጩ ወዲያው ይቀላቀላሉና በሦስተኛው አፍ ቅንጣት ሆነው ይወጣሉ። በማጣሪያ መጭመቅ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርቱን ለማብዛት ዕቃውን ማሳደግ አያስፈልግም፤ ፓምፑን ረዘም ላለ ጊዜ ማስኬድ ነው። መጀመሪያ ላይ የወጣው ጠብታና ከአምስት ሰዓት በኋላ የወጣው ጠብታ ያለፉት በአንድ ዓይነት ግጭት ውስጥ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ2003፣ ፕሪንስተን ውስጥ ብራያን ጆንሰንና ሮበርት ፕሩዶም ፈሳሾች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጋጭተው ሲቀላቀሉ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በስሌትና በሙከራ አስቀምጠው ነበር። እነሱ ስለ ክትባት አላሰቡም፤ ሥራቸው የኬሚካል መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ነው የወጣው።

ይህች መገጣጠሚያ ያመጣችው ጠብ ቀላል አይደለም። ፕሮቲቫ በ2008 ተክሚራ ከተባለው የኢኔክስ ወራሽ ጋር ተዋሐደ። ተክሚራ በ2011 አልናይላምን ምስጢሬን ወሰደ ብሎ ከሰሰ፤ በ2012 በ65 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ኩሊስና ቶማስ ማደን ደግሞ ለብቻቸው ወጥተው በኋላ አክዊታስ የተባለውን ኩባንያ አቆሙ። ማን ምን ፈለሰፈ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ውስጥ ስለኖረ፣ ለጋዜጠኛም ለሽልማት ሰጪም የሚመች አንድ ጀግና አልተገኘም። በእኔ ግምት ስቡ ከታሪኩ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የካሪኮ ታሪክ አንድ ሰው አለው። የስቡ ታሪክ ጠበቆች ነው ያሉት።

በነሐሴ 2018 ፓቲሲራን ተፈቀደ። በዘር የሚተላለፍና ነርቭን እየገደለ የሚሄድ አሚሎይዶሲስ የሚባል ብርቅ በሽታ አለ፤ መድኃኒቱ 225 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ አልፏል። አጭር አር ኤን ኤ በኤም ሲ 3 ስብ ታሽጎ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። ከበሽታው ብርቅነት የተነሣ ዜናው ብዙ አልተሰማም። ነገር ግን ያን ቀን የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። አር ኤን ኤ በስብ ቅንጣት ታሽጎ፣ በፋብሪካ ተመርቶ፣ ጥራቱ ተለክቶ፣ ለሰው ሊሰጥ እንደሚችል ማስረጃውን ተቀብሏል። ኮቪድ የመጣው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ወረርሽኙ በ2010 መጥቶ ቢሆን ኖሮ ካሪኮና ዋይስማን የለወጡት ፊደል ነበረ፤ የሚያሽገው ፋብሪካ ግን አልነበረም።

አሥራ አንድ ወር

በዚህ መካከል አንዳንዶች አጭሩን አር ኤን ኤ አውጥተው ረጅሙን ለመክተት ሞክረው ነበር። በ2012 ኖቫርቲስ ውስጥ እነ አንድሩ ጊል ራሱን የሚያባዛ አር ኤን ኤ በእነዚህ ቅንጣቶች አሽገው ክትባት ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። በ2017 ዋይስማን ቤተ ሙከራ ውስጥ እነ ኖርበርት ፓርዲ በአንድ ዝቅተኛ መርፌ አይጥንና ዝንጀሮን ከዚካ ቫይረስ ጠበቁ፤ ቅንጣቱ የአክዊታስ ነበር። የተለወጠው ፊደልና ቻርጅ የሚቀያይረው ስብ እዚያ ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ጥር 2020 የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ይፋ ሆነ፤ መጋቢት 16 ሲያትል ውስጥ የሞደርና የመጀመሪያ መርፌ ተሰጠ፤ ታኅሣሥ 8 እንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ የፋይዘር ክትባት ከሙከራ ውጭ ለሕዝብ መሰጠት ተጀመረ። ውጤታማነቱ 95 በመቶ። ጀርመናዊው ኪውርቫክም ክትባት ሠርቶ ነበር፤ የአክዊታስን ስብ ተጠቀመ፤ ፊደሉን ግን ሳይለውጥ ተወው፤ መጠኑንም 12 ማይክሮግራም አደረገ። በ2021 የወጣው ውጤት 48 በመቶ ነበር። ስቡ ብቻውን አይበቃም፤ ካሪኮም ልክ ነበሩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የጀመርኩትን ክርክር ለማሸነፍ የማዳላ ይመስልብኝ ነበር።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ። በ2020 መጨረሻ ዓለምን የያዘው የአር ኤን ኤ እጥረት አልነበረም፤ አንድ ብልቃጥ ኢንዛይም ብዙ አር ኤን ኤ ይሠራል። ያጠረው ቻርጅ የሚቀያይረው ስብ ነበር። ከዚያ በፊት በኪሎ ሳይሆን በግራም ነበር የሚፈለገው። የእንግሊዙ ክሮዳ፣ አላባማ ያለው እህት ኩባንያው አቫንቲ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ያለው ፖሊሙን፣ ባንዴ ስማቸው የገነነው ለዚህ ነው። ፋይዘር ዲ ኤን ኤውን ሚዙሪ፣ አር ኤን ኤውን ማሳቹሴትስ፣ ቅልቅሉን ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ላይ ሠራ። ካላማዙ ላይ ያደረጉት ነገር የሚያስቅም የሚያስደንቅም ነው፦ ማደባለቂያውን አላሳደጉትም። እጅ ውስጥ የሚገባውን ያንኑ ትንሽ የግጭት ማደባለቂያ ብዙ አድርገው ጎን ለጎን ደረደሩት፤ ፓምፖቹን በኮምፒውተር አስማሙ። የ2005ቱ ቲ ቱቦ ሐሳብ በትልቁ መጣ። ባዮንቴክም ከኖቫርቲስ የገዛውን የማርቡርግ ፋብሪካ በ2021 ሥራ አስጀመረ።

የስቡ ንጽሕና ሌላ ራስ ምታት ነበር። በ2021 የሞደርና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው በስቡ ውስጥ ኦክስጅን ነክቶት የተበላሸ ጥቂት ቅሪት ካለ፣ ያ ቅሪት ከአር ኤን ኤው ጋር ተጣብቆ መልእክቱ እንዳይነበብ ያደርጋል። ቅንጣቱ በመጠኑም በመልኩም ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን ቀለም ፈሶበታል። ስለዚህ ስብ ሻጩ ማን ነው የሚለው ከአር ኤን ኤው አንድ ፊደል እኩል ያሳስባል። ክትባቱ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች መቀመጥ ያስፈለገውም አር ኤን ኤው በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚቆራረጥና ቅንጣቶቹም ከጊዜ ጋር ስለሚናጉ ነው። የሞደርናው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ሁለቱ ክትባቶች የሚሸከሙት አር ኤን ኤ ተቀራራቢ ነው፤ የስብ ቀመራቸውና የሚቀመጡበት ፈሳሽ ግን ይለያያል።

ኬፕ ታውን

ኢትዮጵያ በመጋቢት 2021 ክትባት ስትጀምር የደረሳት የአስትራዜኔካው ነበር፤ ተራ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ኤም አር ኤን ኤው ለሀብታሞቹ ቀድሞ ሄደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልና የአፍሪካ ኅብረት፣ አህጉሩ ከሚጠቀመው ክትባት ራሱ የሚያመርተው 1 በመቶ ያህል መሆኑን ጠቅሰው በ2040 ወደ 60 በመቶ ለማድረስ ዐቀዱ። በሰኔ የዓለም ጤና ድርጅት የኤም አር ኤን ኤ ማዕከል በደቡብ አፍሪካ እንደሚቋቋም አስታወቀ፤ ሥራው ለአፍሪጀን ኩባንያ ተሰጠ።

ሞደርና በወረርሽኙ ጊዜ ፓተንቱን ይዤ አልከስም ብሎ ነበር፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አላሳየም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከተጠቀሙበት ብልቃጥ ትራፊ ቅደም ተከተሉን አንብበው በይፋ አውጥተውት ስለነበር መልእክቱ ምስጢር አልነበረም። አፍሪጀኖች ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አር ኤን ኤውን ሠሩ፤ በየካቲት 2022 ደግሞ በቤተ ሙከራ መጠን ታሽጎ የተዘጋጀ ክትባት እንዳላቸው ተናገሩ። በዚያው ወር፣ አሜሪካ ውስጥ፣ የተክሚራ ወራሽ የሆነው አርቡተስ ከጄኔቫንት ጋር ሆኖ በስቡ ምክንያት ሞደርናን ከሰሰ። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ወር መውጣታቸው አጋጣሚ ነው፤ ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

በየካቲት 2022 ከማዕከሉ ቴክኖሎጂውን ለመቀበል መጀመሪያ የተመረጡት የአፍሪካ አገሮች ግብፅ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሴኔጋል፣ ደቡብ አፍሪካና ቱኒዝያ ናቸው። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ክትባት ማምረት ግን ለእኛ አዲስ ሙያ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሠራል፤ ለውጭ አገርም ይሸጣል። እዚያ ያለው ሙያ ቫይረስን በሕዋስ ማሳደግና ማድረቅ ነው። የስብ ቅንጣት የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ምን እንደሚጠይቅ ሰዎች ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚጠብቁት ትልቅ ማሽን ነው። የቲ መገጣጠሚያዋ ራሷ ቁራጭ የማይዝግ ብረት ናት፤ ጥሩ የብረት ሥራ ያለበት ወርክሾፕ ይሠራታል። የሚያስቸግረው በየሴኮንዱ እኩል የሚገፋ፣ ለአፍታ የማይወዛወዝ ፓምፕ ነው፤ ቅሪት የሌለበት ስብ ለዓመታት የሚያቀርብ የኬሚስትሪ ፋብሪካ ነው፤ ከዚያም ከቱቦው በየሰዓቱ ናሙና እየቀዳ ቅንጣቱ 80 ነው ወይስ 130 ናኖሜትር፣ ውስጡስ ስንት በመቶ አር ኤን ኤ ታሽጓል ብሎ የሚለካ፣ ቁጥሩ ሲዛነፍ መስመሩን ለማቆም ሥልጣን ያለው ባለሙያ ነው።